«አስሬው ዘወር ስል ገመዱን ይበጥሳል»፦ ስለ ፈረስ ማሰር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዲስ ቅዳም አካባቢ ነው። መስከረም ላይ ከገበያ አንድ ጉራች ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ገዛሁ። ጥርሱን ያዩ ሰዎች አራት ዓመቱ ነው ብለውኛል። ለግልቢያ ግሩም ነው። በእጄ ይዤው ስቆም ጸጥ ይላል። ግንድ ላይ አስሬው ዘወር ስል ግን ወደኋላ ይጎትታል። እስካሁን ሁለት ገመድ በጥሷል። ካልበጠሰም መሬቱን በኮቴው እየጫረ ጉድጓድ ያወጣል። ያኔ እናቴ ታዝንለትና ገብስ ይዛለት ትወጣለች። አንድ ጎረቤታችን ‹ከዋርካው ጋር በሰንሰለት እሰረው፣ ታግሎ ታግሎ ሲደክመው ይተዋል› አሉኝ። ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ይዤው መሄድ እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ሰንሰለቱን ተወው። ስለ ሌላው ቀስ ብለን እናወራለን።

ጎረቤታችሁ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። በየቀበሌው የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው። አንዳንድ ፈረስም በዚህ መንገድ ይተዋል፣ አልክድህም። እኔ ግን በሙያዬ የማየው የማይተዉትን ነው። አንገቱ ጠምሞ የቀረ አይቻለሁ። ወደኋላ ተገልብጦ ማጅራቱን መሬት ላይ የመታ ፈረስ አይቻለሁ፣ አልተነሳም። ፈረስ ሙሉ ክብደቱን በአንገቱ ላይ ጥሎ ሲጎትት የሚጎዳው ከጆሮው ኋላ ያለው መገጣጠሚያና የአንገቱ ጡንቻ ነው። ጉዳቱ ከውጭ አይታይም። ከወር በኋላ ልጓም ሲገባለት ራሱን ወደ ላይ የሚወረውር፣ ወደ አንድ ጎን መዞር የሚጠላ ፈረስ ይሆንብሃል። ያኔ ሰው «አመለኛ ነው» ይላል። አመል ሳይሆን ሕመም ነው።

ለምን እንደሚጎትት ልንገርህ፤ ይህ ካልገባህ የቀረው ሥራ ሁሉ ልፋት ብቻ ይሆናል።

ፈረስ በአምላክ የተሰጠው መከላከያ እግሩ ነው። ቀንድ የለው፣ ጥፍር የለው። ሲፈራ ይሮጣል፣ በቃ። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለችውን ጠባብ ቦታና ልክ ከጭራው ኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ኮሽ ሲል ራሱን ቀና ወይም ዘወር አድርጎ ማጣራት ይፈልጋል። ስታስረው ይህን ከለከልከው። ኮሽታውን ይሰማል፣ ምን እንደሆነ አያይም። አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላል። ገመዱ ከጆሮው ኋላ ይጠብቅበታል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ፈረስ ሲፈጠር የሚስበውን መልሶ ይስባል፣ የሚገፋውን መልሶ ይገፋል። ገመዱ በጠበቀ ቁጥር ይጎትታል፣ በጎተተ ቁጥር ገመዱ ይጠብቃል። አንዱ ካልተበጠሰ ይህ ነገር አያበቃም።

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» እንላለን። ተረቱ ለሰው ጥሩ ነው፣ ለፈረስ ግን አይሠራም። ገመድ የበጠሰ ፈረስ በራሱ አላሳጠረም። አንድ ነገር ተማረ። «ጠንክሬ ከሳብኩ ይለቃል» አለ። የአንተ ጉራች ይህን ሁለት ጊዜ ተምሯል። ስለዚህ ሥራህ ገመድ ማጠንከር አይደለም። ገመድ ሲጠብቅ ወደፊት መምጣት እንዳለበት የማያውቀውን ፈረስ ይህን ማሳወቅ ነው። እሱን ካወቀ በቀጭን ገመድም ይቆማል። ካላወቀ የትኛውም ሰንሰለት አያቆመውም፤ ቢያቆመውም ሰብሮ ነው።

ይህን በራሴ እጅ አጥፍቼ ነው የተማርኩት። ያደግሁት ባንጃ ነው። አባቴ አንዲት ቦራ ባዝራ (ሴት ፈረስ) ነበረቻቸው። የሁለት ዓመት ውርንጭላዋን ለእኔ ሰጡኝ። አንድ ቀን ውኃ አጠጥቼው ስመለስ ከግቢው በር ሳንቃ ጋር አሰርኩት። ለአንድ አፍታ ብዬ ነው። ዶሮ ከአጥሩ ላይ ዘለለች፣ ውርንጭላው ደነበረ፣ ሳንቃው ተነቀለ። ከዚያ በኋላ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። ሳንቃው በገመዱ ጫፍ እየዘለለ እግሩን ይመታዋል። በመታው ቁጥር ይሸመጥጣል። በሸመጠጠ ቁጥር ሳንቃው ይከተለዋል። ከወንዙ ማዶ ነው የተያዘው፣ አራቱም እግሩ ደም በደም ሆኖ። ቁስሉ ዳነ። ያ ፈረስ ግን እስከ መጨረሻው ከአንድ ነገር ጋር ታስሮ ጸጥ ብሎ አልቆመም። ስለዚህ በር ላይ፣ ጋሪ ላይ፣ የቆመ ባጃጅ ላይ፣ የአጥር እንጨት ላይ አታስር። ለአፍታም ቢሆን። ፈረሱ ቢጎትተው ሊነቃነቅ የሚችል ነገር ሁሉ ማሰሪያ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። ከዕቃው እንጀምር።

በልጓም አታስረው። ዛቡን፣ ማለትም የልጓሙን ገመድ፣ ግንድ ላይ ጥሎ ሻይ ሊጠጣ የሚገባ ሰው በየከተማው አያለሁ። ፈረሱ ቢደነብር ብረቱ ምላሱን ይቆርጣል፣ መንጋጋውንም ያቆስላል። አንገቱ ላይ በሸምቀቆም አታስረው፣ ያንቀዋል። ለማሰር የሚሆነው ራሱ ላይ የሚጠልቅ፣ አፉ ውስጥ የሚገባ ብረት የሌለው ልባብ ነው፤ ሰፋ ካለ ጠፍር ወይም ከለስላሳ ጨርቅ የተሠራ። ከጆሮው ኋላ የሚያልፈው ክፍል ቢያንስ ሦስት ጣት ይስፋ። ቀጭን የቃጫ ገመድ ቆዳውን ይቆርጠዋል። ቀጭን ናይለን ደግሞ ሲንሸራተት ያቃጥላል፣ ያንተንም እጅ ጭምር። ገመዱ አውራ ጣትህን ያህል ወፍሮ፣ ለማሰር ሦስት ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ለትምህርቱ ግን ረዘም ያለ ያዝ።

ልባቡን ከማጥለቅህ በፊት ግን ከጆሮው ኋላ በእጅህ ዳብሰው። ሁለት ገመድ የበጠሰ ፈረስ እዚያ ጋ አለመጎዳቱን እጠራጠራለሁ። እብጠት አለ? ቁስል? ስትነካው ራሱን ያሸሻል? ጆሮው ውስጥስ መዥገር አለ? የሚያመውን ቦታ ገመድ ቢይዝበት ቢጎትት አይፈረድበትም። ቁስል ካለ መጀመሪያ እሱ ይዳን። በአቅራቢያህ ላለው የእንስሳት ክሊኒክ አሳየው። ጀርባው ላይ ቁስል ካለም አብረህ አሳይ፤ የኮርቻ ቁስል ያለው ፈረስ ዝንብ ሲያርፍበት አንድ ደቂቃም ጸጥ ብሎ መቆም አይችልም።

ከዚያ የመጀመሪያው ትምህርት ያለ ግንድ ነው። ሜዳ ላይ፣ አንተና እሱ ብቻ።

ከጫንቃው ጎን ቁም፣ ከፊቱ አይደለም። ገመዱን ከአገጩ ሥር ያዝና ወደ ታች ሳብ አድርገው። በጉልበት አይደለም፤ ሁለት ጣትህ የሚችለውን ያህል ብቻ። ከዚያ አትጨምር፣ አትቀንስም። ጠብቅ። መጀመሪያ ራሱን ወደ ላይ ያደርጋል። እጅህ አብሮት ይሂድ፣ ግን አይላላ። ይጠብቃል፣ ትጠብቃለህ። ከዚያ የሆነ ሰዓት ላይ አንገቱ በስንዝር እንኳን ባይሆን በጣት ያህል ዝቅ ይላል። በዚያችው ቅጽበት ልቀቀው። ሙሉ በሙሉ። እጅህን ክፈት።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ፈረሱን የሚያስተምረው መሳብህ አይደለም፣ መልቀቅህ ነው። ዘግይተህ ከለቀቅህ ሌላ ነገር ታስተምረዋለህ። ራሱን እየወረወረ ሳለ ከለቀቅህ መወርወር ይማራል። ዓይንህ ከእሱ ላይ አይነሳ። ስልክህን ኪስህ ውስጥ ክተተው።

ሦስት አራት ጊዜ ከደጋገምክ በኋላ አንድ ነገር ታያለህ። ታችኛው ከንፈሩ ይላላል። እያኘከ ያለ ይመስል አፉን ያንቀሳቅሳል። ዓይኑን ቀስ ብሎ ይከድናል፣ ከአፍንጫው ረዥም ትንፋሽ ይወጣል። እስኪ ያን ትንፋሽ አዳምጠው። ፈረስ በእጅህ ላይ ሲያርፍ እንዲህ ነው ድምፁ። እኔ ስንት ዓመት ሠርቼ ዛሬም ይህን ስሰማ ደስታዬ ልክ የለውም።

ወደ ታች ካወቀ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደፊት። ወደፊቱ ነው የምንፈልገው። ገመዱ በትንሹ ሲጠብቅ አንድ እርምጃ ወደ አንተ ይምጣ፣ ወዲያው ይላላለት። ጠዋት ሩብ ሰዓት፣ ማታ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በላይ ካቆየኸው ይሰለቻል፣ አንተም ትቆጣለህ። በተቆጣህበት ቀን አታስተምር፣ ሳር ስጠውና ሂድ። አንዳንዱ በሦስት ቀን ይገባዋል። ገመድ የበጠሰ ግን ሁለት ሳምንት ቢፈጅ አይግረምህ። ከስድስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነህ በጣትህ ብትስበው ሳያቅማማ የሚመጣ ከሆነ አልፏል።

ሁለተኛው ትምህርት ግንድ ያለበት ነው፣ ግን ፈረሱ ገና አይታሰርም። ቅርፊቱ የተላጠ፣ ለስላሳ የባህር ዛፍ ምሰሶ ፈልግ። ሲሶው መሬት ውስጥ የተቀበረ ይሁን። ገመዱን ከፈረሱ ጫንቃ ከፍ ባለ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ዙርበትና ጫፉን አንተ ያዝ፣ ራቅ ብለህ። አትቋጥረው። በእጅህ ላይም አትጠምጥመው። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፦ ገመድ በእጅህ ላይ አትጠምጥም። በዚህ ምክንያት ጣታቸውን ያጡ ሰዎች አውቃለሁ። ለሕፃን ልጅም አታስይዝ።

አሁን ፈረሱ ይቆማል። የሆነ ነገር ኮሽ ይላል፣ ወደኋላ ይሄዳል። አንተ ገመዱ በምሰሶው ላይ እየታሸ ቀስ ብሎ እንዲሄድለት ታደርጋለህ። አልያዘውም፣ ግን በነፃም አልለቀቀውም። ይህች መካከል ያለች ነገር ናት ትምህርቱ። ፈረሱ የሚያስፈራው ድንገት «ጭው» ብሎ መያዙ ነበር። አሁን አልተያዘም። ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆምና ያስባል። ያኔ በጣትህ ሳብ አድርገው። የሜዳውን ትምህርት ያስታውሳል፣ ወደፊት ይመጣል። ላላለት። ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህን ሲደጋግም ወደኋላ የሚሄድበት ርቀት እያጠረ ይመጣል። መጀመሪያ አራት እርምጃ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ግማሽ። አንድ ቀን ገመዱ ሲጠብቅ አንተ ሳትስበው በራሱ ወደፊት ይራመዳል። በዚያ ቀን አንገቱን እሸው፣ ፈታ አድርገውና ሳር ላይ ልቀቀው።

ከዚህ በኋላ ማሰር ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ምሰሶው ላይ የአሮጌ ካላማዳሪያ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ እጠፍበትና ገመዱን እሱ ላይ እሰር። የከባድ መኪና ካላማዳሪያ ጎሚስታ ቤት አይጠፋም። ሰፊውን ቁራጭ ምረጥ፣ የተሰነጠቀ አይሁን፤ ቀጭን ላስቲክ ተበጥሶ ቢመለስ ዓይን ያጠፋል። ካላማዳሪያው ሲሳብ ይሰጣል፣ ሲለቅ ይመልሳል። የምሰሶውን ሥራ ላስቲኩ ይሠራልሃል።

ከቋጠሮው እስከ አገጩ ያለው ገመድ አንድ ክንድ ከስንዝር ያህል ይሁን። ብዙ ሰው «ይመቸው» ብሎ ያስረዝመዋል። ረዥም ገመድ ላይ ፈረሱ ራሱን ዝቅ ያደርግና የፊት እግሩን ያሳልፋል። ቀና ሲል ተያዘ። ያኔ የሚመጣው ድንብርታ ሌላ ነው። ቋጠሮውም ጫፉን አንዴ ሳብ ስታደርገው ተርተር ብሎ የሚፈታ ይሁን። ገመዱን ካዞርክ በኋላ ጫፉን ሙሉ በሙሉ አታሳልፈው፤ እጥፉን ብቻ አሳልፍና አጥብቀው። ምንጊዜም ቢላ ወይም ማጭድ በቅርብ ይኑርህ። ቋጠሮው ጠብቆ እንቢ ካለ ቁረጠው። ገመድ ይገዛል።

መጀመሪያ ሲታሰር አምስት ደቂቃ ብቻ። ከሥራ መልስ፣ ትንሽ ደከም ሲል ቢሆን ይመረጣል። የጎረቤት ጨዋ ሰንጋ (የተኮላሸ) ፈረስ ካለ ከጎኑ ይታሰር፣ ኮቴ የማይደርስበት ቦታ ላይ። ፈረስ ከፈረስ ይማራል። ጓደኛው ሲያንቀላፋ እሱም ይረጋጋል። ከዚያ ወደ አሥር፣ ወደ ሃያ። አንተም መጀመሪያ አጠገቡ፣ ከዚያ ራቅ፣ ከዚያ ከቤት ኋላ። ችግሩ «ዘወር ስል» እንደሆነ ነግረኸኛል። ስለዚህ ዘወር ማለትህን ራሱን አስተምረው። ሦስት እርምጃ ሄደህ ተመለስ። እሱ ሳይነቃነቅ ተመለስ። ነገ ስድስት እርምጃ።

አሁን መሬት ስለ መጫሩ። እናትህን ከልቤ አከብራቸዋለሁ፤ የሚያደርጉት ከርኅራኄ ነው። ግን ፈረሱ መሬት ሲጭር ገብስ ይዘው ሲወጡ፣ እሱ የገባው «ስጭር ገብስ ይመጣል» የሚል ነው። ገብሱ አይቅር። ሰዓቱ ይቀየር። አራቱም እግሩ መሬት ላይ ሆኖ ጸጥ ባለ ጊዜ ይምጣለት። ሲጭር ማንም አይሂድበት፣ ማንም አይጩህበት፣ ማንም አይፍታው። ሲያቆምና ሦስት ትንፋሽ ያህል ጸጥ ሲል ሂድና ፍታው። መጀመሪያ ረዥም ጊዜ ይጭራል። እንዲያውም ገብሱ ሲቀርበት ለጥቂት ቀን ይብስበታል። ተስፋ አትቁረጡ። የሚያበላሸው አምስት ቀን ጨክኖ በስድስተኛው ማዘን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መሬት የሚጭር ፈረስ ሁሉ አመል የያዘው አይደለም። እየጫረ ወደ ሆዱ የሚያይ ከሆነ፣ ካላበው፣ ሊተኛና ሊንከባለል ከሞከረ፣ ሆዱን ቁርጠት ይዞታል። ያኔ ትምህርት የለም። ወዲያው ሐኪም ጥራ።

ደግሞም የታሰረበትን ጊዜ ቁጠር። ፈረስ እንደ በሬ አይደለም፤ በልቶ ተኝቶ አያመሰኳም። ጨጓራው ትንሽ ነው፣ የጨጓራው አሲድ ደግሞ ቢበላም ባይበላም ይመነጫል። ሜዳ ላይ ቢለቀቅ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ሲግጥ ይውላል። ስለዚህ ያለ ሳርና ያለ ውኃ ከጠዋት እስከ ማታ አስሮ «አይረጋጋም» ማለት አይገባም። ቆሞ ማንቀላፋት ይችላል፣ የእግሩ ጅማት ተቆላልፎ ይይዘዋል። ጥልቅ እንቅልፍ ግን ተኝቶ ነው የሚያገኘው። ማታ በዚያች አጭር ገመድ አይደር።

ወደ ጥር 23 ልምጣ። ልብህ እዚያ እንዳለ ገብቶኛል። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም ተመሥርቶ የአድዋን ፈረሰኞች ሲያስብ የኖረ ነው። ያ ሁሉ ፈረስ አምሮ፣ ተሸልሞ፣ ሜዳውን ሲሞላ ያየ ሰው ቤቱ መቅረት አይሆንለትም። ሂድ። ይዘኸው ሂድ። ግን ዘንድሮ እዚያ አታስረው። እልልታው፣ ጭፈራው፣ የማያውቃቸው ፈረሶች፣ ከሁሉም በላይ ባዝሮች አሉ። የአንተ ደግሞ ድንጉላ ነው። በሳምንታት ትምህርት ያንን ይችላል ብዬ አላታልልህም። አንድ ወንድም ወይም ጓደኛ አብሮህ ይሂድ። ከፈረሱ ስትወርድ እሱ በገመድ ይያዝልህ፣ ከሌሎች ፈረሶች ሦስት ፈረስ የሚያቆም ቦታ ያህል ራቅ ብሎ። በእጅ ሲያዝ ጸጥ እንደሚል አንተው ነግረኸኛል። ያንን መልካም ነገር ተጠቀምበት።

እስከዚያ ደግሞ ቤትህ ውስጥ ዓለሙን አሳየው። ከታሰረበት ራቅ ብለህ ጃንጥላ ክፈት፣ ዝጋ። ነጠላ አራግፍ። ልጆቹ በሩቁ ያጨብጭቡ። መጀመሪያ በጣም ሩቅ፣ ከዚያ በየቀኑ ቀረብ። ራሱን ቀና አድርጎ አይቶ ከተመለሰ ጎበዝ ነው። ገመዱን ካጠበቀው ቀርበሃል፣ ተመለስ።

በመካከሉ አንድ ቀን ቢጎትትብህ ከፊቱ አትቁም፣ አትጩህ፣ በገመዱ ሥር አትለፍ። ፊት ለፊቱ ቆመህ ዓይን ዓይኑን ካየኸው የበለጠ ይሸሻል። ከጎን በኩል ሆነህ ከቻልክ ጫፉን ስበህ ፍታው። ካልቻልክ ራቅ በል፣ ይጨርስ። ከዚያ ሲረጋጋ ወደ ሜዳው ትምህርት ሁለት ቀን ተመለስ። ወደኋላ የተመለስክ እንዳይመስልህ። ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳው ሲያዘም መሠረቱን ማየቱ ያለ ነው።

ከጆሮው ኋላ ያለውን ቦታ ግን ለነገ አታሳድረው። ዛሬውኑ ዳብሰውና እብጠት ካገኘህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ እስክመልስልህ ድረስ ምንም ነገር ራሱ ላይ አታጥልቅ።